እትዬ ልኬ ልጃቸውን ያሰሩ ዕለት

እትዬ ልኬ የሚተኙት እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ውጭ አውጥተው ነው። ብርድ ቢሆን፣ ጣታቸው ቢደነዝዝ ግድ የላቸውም። እንቅልፍ ጥሏቸው ብርድ ልብሱ ክንዳቸው ላይ የተጠመጠመ እንደሆነ ግን እየጮኹ ይባንናሉ። ሴት ልጃቸው ሚጣ ከወዲያኛው ክፍል እየሮጠች ስትመጣ «ምንም አይደል፣ ቅዠት ነው፣ ሂጂ ተኚ» ይሏታል። ምን ቅዠት አመጣው! ቅዠትማ ሲነጋ ይተዋል። የእሳቸው ፍርሃት አብሯቸው ይነሳል፣ አብሯቸው ፊቱን ይታጠባል፣ ሥራ ላይም አጠገባቸው ቁጭ ይላል።

ሥራቸው ልብስ ስፌት ነው። የፊተኛው ክፍል መስኮቱ ወደ መንገድ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናቸው አለች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ያላለቁ ልብሶች ናቸው፤ አንዱ እጅጌ የለውም፣ አንዱ አንገት። «ልኬ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ማንም ምንም ቢል «ልክሽን ሳላይ አልቆርጥም» ስለሚሉ። ሙሽራ ቸኩላ ብታለቅስባቸው እንኳ ፍንክች የለም። መጀመሪያ ይለካሉ፤ ጨርቁን በሰፋፊ ስፌት ያዝ ያዝ ያደርጉና ባለቤቷን ያለብሷታል። «በይ አሁን ቁጭ በይ። አሁን እጅሽን አንሺ። አሁን ጎንበስ በይ፣ እንዳታፍሪ።» ከዚያ በኋላ ነው መኪናዋ የምትነሳው። «ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ ይቅርታ አያውቅም» ይላሉ። ሙያውን ያስተማረቻቸው ታላቅ እህታቸው ናት፤ «እህታለም» ነበር የሚሏት።

ፍርሃቱም የመጣው ከእህታለም ነው።

እህታለም ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገባች። በጉሮሮዋ ቱቦ አስገቡላት፤ ትንፋሿን ማሽን ይተነፍስላት ጀመር። ቱቦውን እንዳትነቅለው ሁለት እጇን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰሩት። ነርሷ ክፉ አልነበረችም፤ ሐቋን ነው። «ፈትቼላት ብትነቅለውስ? በማን ራስ ሊወርድ ነው?» አለች። ሐኪሙም ቤተሰቡን ሰብስቦ «እንዲህ ቢሆን ምን እንደምትፈልግ ነግራችሁ ታውቃለች?» ሲል ጠየቀ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ማን ደፍሮ ያወራዋል? በዚያ ቤት ሞትን በስሙ መጥራት በር ከፍቶ እንደማስገባት ነው የሚታየው። አልተጠየቀችም፣ አልተናገረችም። አሁን ደግሞ አፏ ተይዟል።

አንድ ቀን እህታለም ፊቷን ታጨማድድ፣ ራሷን ታወዛውዝ ጀመር። «ውሃ ነው? ትራስ ነው? አመመሽ?» አሏት እትዬ ልኬ፤ ያኔ ጉልበት ያላቸው ሴት ነበሩ። ዓይኗ ብቻ ይጮኻል። ስንት ጠይቀው፣ ስንት ገምተው በመጨረሻ ገባቸው፤ አፍንጫዋን በልቷት ነው። አከኩላት። የእህታለም እንባ በጆሮ ግንዷ ወርዶ ትራሱን አራሰው። እጇ ሳይፈታ ነው የሞተችው። ሲፈቱት የፋሻው መስመር አንጓዋ ላይ ቀርቶ ነበር፤ እትዬ ልኬ ያንን መስመር አይተው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ነው እጃቸውን ከብርድ ልብስ ውጭ የሚያሳድሩት።

ታዲያ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ዓመታት አልፈው ሳል ጀመራቸው። ደረጃው መሀል ላይ ቆም እያሉ የሚያስሱት ነገር የጠፋባቸው ይመስል ቦርሳቸውን ይበረብራሉ፤ ሰው ትንፋሽ እንዳጠራቸው እንዳያውቅ። ቀጥሎ የመኪናዋ ፔዳል ከበዳቸው። ልጆቻቸው ይዘዋቸው ሆስፒታል ሄዱ። ልጆቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ሚጣ፣ የሂሳብ አስተማሪ ሆናም ሚጣ መባሉ ያልቀረላት። ሌላው ግንዱ ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው። ሐኪሟ ልጆቹን ለብቻ ጠርታ አነጋገረቻቸው። እትዬ ልኬ አግዳሚው ላይ ሆነው በሩን ሲያዩ ቆዩ። በሩ ሲከፈት ሁለቱም ፈገግታ ለጥፈው ወጡ፤ ፈገግታው በልካቸው ያልተሰፋ ልብስ ይመስል ነበር።

«ጉንፋን ነው እማ» አለ ግንዱ። «ሳንባሽ ትንሽ ተቆጥቷል አሉ።»

«ጉንፋን ከሆነ ዓይንህ ምነው ቀላ?»

«አቧራ ገብቶብኝ ነው።»

ወለሉ ፊት እስኪያሳይ ተወልውሎ ያብረቀርቃል! አቧራ ከየት መጣ? ሐኪሟን እንዳትነግራቸው እንደለመኗት እትዬ ልኬ ወዲያው ገባቸው። እነሱ እንዳይደነግጡ ብለው ግን «እሰይ፣ ጉንፋንማ ምን አላት» አሉ። እናት ለልጆች፣ ልጆች ለእናት እየዋሹ ሦስቱም በአንድ ታክሲ ወደ ቤት ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ደጋግመው ሞከሩ። «እስቲ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ድንገት ብታመምና አፌ ቢያያዝ…» ሲሉ ግንዱ ብድግ ይላል። «እማ ሟርት አታሟርቺ! ክፉ ከአፍሽ አይውጣ!» ይልና ጎማ ልይ ብሎ ይወጣል። ጎማው መቼም እንደዚያ ሰሞን ታይቶ አያውቅም። ሚጣ ደግሞ የውሃውን ቧንቧ ከፍታ የታጠበ ዕቃ መልሳ ታጥባለች። እትዬ ልኬ ከስፌት መኪናዋ ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ። ያልተናገሩት ነገር ደረታቸውን ከሳሉ ይልቅ ያፍናቸዋል።

በቀጠሮው ቀን ሚጣን መድኃኒት እንድታወጣ ልከው ከሐኪሟ ፊት ተቀመጡ። ልጅ እግር ናት፤ አጠር ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር።

«ዶክተር፣ አሁን ልጄ የለችም። እውነቱን ንገሪኝ።»

«ልጆችዎ እንዳልነግርዎ ለምነውኛል፣ እማማ።»

«አውቃለሁ። እኔ ደግሞ እንድትነግሪኝ እየለመንኩሽ ነው። ሳንባው የማን ነው?»

ሐኪሟ ወንበሯን ከጠረጴዛው ኋላ ጎትታ አጠገባቸው አመጣች። «የእርስዎ ነው» አለችና ነገረቻቸው። ሳንባቸው እየደረቀ ነው። መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም። አንድ ቀን ትንፋሽ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ ቱቦ አስገብቶ በማሽን ማስተንፈስ ይቻላል፤ ግን ማሽኑ የሚጠቅመው ሊያገግም ላለው ሳንባ ነው። የእሳቸው ከማሽኑ የመላቀቅ ተስፋው በጣም ትንሽ ነው። ሌላም መንገድ አለ። ጭንቀቱን የሚያስታግስ መድኃኒት አለ፤ ነርስ ቤት ድረስ እየመጣች ታያቸዋለች፤ አየር ማጣቱ እንዳያስጨንቃቸው ይደረጋል፤ ሞቱ ሲመጣ ግን በማሽን አይያዝም።

እትዬ ልኬ የሰሙት ሁሉ ገባቸው። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር።

«ቱቦው ከገባ… እጅ ያስራሉ?»

«አንዳንዴ። ታማሚው እንዳይነቅለው።»

«አልፈልግም። እባክሽ ልጄ፣ አልፈልግም። ጻፊልኝ።»

«እጽፋለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ» አለች ሐኪሟ። «ያን ቀን እርስዎ መናገር ላይችሉ ይችላሉ። እኔም ተረኛ ላልሆን እችላለሁ። ሐኪሙ ፊት የሚቆሙት ልጆችዎ ናቸው። ደንግጠው ‹የሚቻለውን ሁሉ አድርጉ› ብለው ቢጮኹ እርስዎ ያልፈለጉት ነገር ይደረጋል። ልጆችዎ ከእርስዎ አፍ መስማት አለባቸው።»

እዚህ ላይ ነው ፍርሃቱ እጥፍ የሆነው። እስከዚያ ድረስ የሚፈሩት ማሽኑን ነበር። አሁን ግን ማን እንደሚያሳስራቸው አወቁት። ግንዱ ነው። ግንዱ ይወዳቸዋል፤ የሚያስፈራውም መውደዱ ነው። ያ ልጅ እናቴ ትሙት ብሎ መማል እንኳ የማይችል ነው! ሐኪም «እናስገባ?» ቢለው «አስገቡ! ሁሉንም አስገቡ!» እንደሚል እንደ ስማቸው ያውቁታል። ሚጣ ደግሞ ሂሳብ ላይ ካልሆነ በቀር ወንድሟ ያለውን ነው የምትለው።

ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ። በጆሮው አልሰማ ያለ ሰው በቆዳው ይሰማል ብለው ቆረጡ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግንዱ መጣ። «ና እስቲ» አሉት፤ «አንድ ነገር ልሰፋልህ ነው፣ ልክህን ልይ። እዚህ አልጋ ላይ ተኛ።»

«ተኝቼ ነው እንዴ የምለካው?»

«ይኸኛው ተኝተው የሚለብሱት ነው።»

ሳቀና ተጋደመ፤ አልጋው ሲጢጥ አለ። እትዬ ልኬ ከተራረፈ ጨርቅ ጠንከር ያለውን መርጠው አንዱን እጁን ከአልጋው ብረት ጋር አሰሩት። ቋጠሮው እምቢ ብሏቸው እንደገና ቋጠሩት። ወዲያ ዞረው ሌላውንም አሰሩት። ግንዱ አሁንም ይስቃል። «እማ፣ ምን ሠርቼ ነው? ጥፋቴን እንኳ ንገሪኝ!» ባዶ የክር ማጠንጠኛ ከጥርሱ መሀል አስገቡና «እንዳትተፋው» አሉት። በዚህ መሀል ሚጣ ገባች።

«እንዴ! እማ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ቁጭ በይ። ዝም ብለሽ እይ።»

ከመርፌ ትራሳቸው ላይ አንዲት ክር መዘዙና በጫፏ የግንዱን አፍንጫ ነካ አደረጉት። ፊቱን ጨማደደና ሳቀ። ደገሙት። አፍንጫውን አሸሸ። ሠለሱት። እጁን ሳብ አደረገ፤ ቋጠሮው የእትዬ ልኬ ነው፣ አይላላም። አልጋው ተንቀሳቀሰ። «እምም! እምም!» አለ።

«ምን አልክ የኔ ልጅ? አልሰማሁህም። ውሃ ነው? ትራስ ላስተካክልልህ? አመመህ?»

«እምምም!»

ሳቁ ጠፋ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። አፉን የያዘው ያ ማጠንጠኛ፣ አፍንጫው ላይ የቀረው ያ ማሳከክ፣ ያ ግዙፍ ሰውነት ለአንዲት ክር አቅም ማጣቱ! ዓይኑ ተገለበጠና እናቱን አየ። እትዬ ልኬ በዚያ ዓይን ውስጥ እህታለምን አዩዋት። መቀሱን አንስተው ቆራረጡለት፤ ከመቸኮላቸው የተነሳ አልጋ ልብሱንም አብረው ቆረጡት።

ግንዱ ማጠንጠኛውን ተፍቶ አፍንጫውን በሁለት እጁ አከከ። «አብደሻል? አብደሻል ወይ እማ!»

«አላበድኩም። ፈርቼ ነው» አሉ እትዬ ልኬ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው። «እህታለም እንዲህ ሆና ነው የሞተችው። አንተ ትንሽ ቆየህ፤ እሷ ቀንና ሌሊት። ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ፤ ጉንፋን አለመሆኑን አውቃለሁ። ሞቱን ቻልኩት። መታሰሩን ግን አልችለውም። ያን ቀን ቱቦ እንዳታስገቡብኝ። እጄን እንዳታሳስሩት። የሚያስታግሰውን መድኃኒት ስጡኝና አጠገቤ ሁኑ። ሌላ አልፈልግም። እንካችሁ፣ ልኬ ይኸው ነው።»

ሚጣ ከአንጀቷ አለቀሰች። «እኛ እኮ እንዳትደነግጪ ብለን ነው…»

«እኔስ? እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ አይደል?»

ግንዱ ግን አንጓውን እያሻሸ ተነሳ፣ በሩን ወርውሮት ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የመኪናው ሞተር ሲያጓራ ተሰማ። ቃል አልገባም። እሺም እምቢም አላለም።

እንግዲህ ከዚህ የባሰ ምን አለ? የሚፈሩትን ተናግረው መልስ አለማግኘት። ሐኪሟ የላከቻት ነርስ እየመጣች ሚጣን መድኃኒቱን እንዴት ከምላስ ሥር ጠብ እንደምታደርግ አስተማረቻት። ሚጣ ጎበዝ ተማሪ ወጣት። ግንዱ ግን ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ስለ መንገዱ ያወራል፣ ስለ ፍሬን ያወራል፣ ይሄዳል። እትዬ ልኬ በመጣ ቁጥር አንጓውን ያያሉ። አንድ ጊዜ ደፍረው «ያን ነገር አሰብክበት?» ቢሉት «እማ፣ በናትሽ ተይኝ» አለና ፊቱን አዞረ። ያን ሳምንት ብርድ ልብስ አልለበሱም። በሹራብ ብቻ ተኙ።

ያ ቀን ጠዋት ላይ መጣ። ትንፋሻቸው መንገድ ላይ ቀረ። ሚጣ መድኃኒቱን ጠብ አድርጋ ወደ ነርሷ ስልክ ስትደውል ግንዱ ደረሰ። የእናቱን ከንፈር መልክ አየና አበደ። «እማ! እማዬ!» አለ፤ ሌላ ቃል ጠፋው። ብርድ ልብሱን ዙሪያቸውን ጠቅልሎ እንደ ጥቅል ጨርቅ አንስቶ ታቀፋቸው። እጃቸው ውስጥ ቀረ! እትዬ ልኬ ሊጮኹ ፈለጉ፤ በምን ትንፋሽ? እጃቸውን ሊያወጡ ታገሉ፤ እሱ መንፈራገጥ መስሎት ጠበቅ አደረጋቸው። ሚጣ ከኋላ «አይሆንም፣ እሷ እኮ አልፈለገችም!» እያለች ትሮጣለች። የመኪናው በር ተዘጋ። ይኸው፣ አሉ በልባቸው። ይኸው፣ ወሰደኝ።

ጣሪያው ላይ መብራት፣ ሌላ መብራት፣ የሚንኳኳ የአልጋ ጎማ፣ የማያውቁት የወንድ ድምፅ። «ቱቦ ማስገባት አለብን፤ የቤተሰቡ ተጠሪ ማነው? ቶሎ ወስኑ!» የግንዱን መልስ ለመስማት የቀረ አቅማቸውን ሁሉ ጆሯቸው ላይ አከማቹ። አልሰሙም። ዓለም እንደ ጠፋ መብራት ጨለመባቸው።

ሲነቁ ዓይናቸውን ለመክፈት ፈሩ። ሽሽ የሚል የአየር ድምፅ ይሰማል። ምላሳቸው ደርቆ ከላንቃቸው ተጣብቋል፤ አፋቸው ውስጥ ያለው ምላስ ይሁን ቱቦ መለየት አቃታቸው። ከዚያ አንጓቸውን አስተዋሉ። ግራውንም ቀኙንም የሆነ ነገር ጥብቅ አድርጎ ይዞታል። ታሰርኩ፣ አሉ። በቃ፣ ታሰርኩ። ልቤን ሰጥቼው፣ በገዛ እጄ አስሬ አሳይቼው፣ አሳሰረኝ። የእህታለም ፋሻ፣ የእህታለም መስመር ትዝ አላቸው።

ያኔ፣ ጉድ እኮ ነው፣ አፍንጫቸውን በላቸው።

አልሞከሩም። ሞክረው እጃቸው ብረቱ ላይ ቢቀርስ? እስካልሞከሩት ድረስ ትንሽ ተስፋ አለች፤ እሷንም ማጥፋት አልፈለጉም። ማሳከኩ ግን ተስፋ አያውቅም፤ ባሰ። እንባቸው በጆሮ ግንዳቸው ወረደ። በመጨረሻ ጥርሳቸውን ነከሱ። ጥርሳቸው ተገጣጠመ፤ መሀሉ ምንም የለም! ቀኝ እጃቸውን ሳቡ።

እጃቸው ተነሳ። ከበደ እንጂ ተነሳ፤ አንድ ነገር አብሮት መጣ። ዓይናቸውን ከፈቱ። አንጓቸውን የያዘው ትልቅ፣ ጥፍሩ ውስጥ የሞተር ዘይት ያለበት እጅ ነው። ግንዱ ከአልጋው አጠገብ በጉልበቱ ተንበርክኳል። በግራ በኩል ሚጣ ይዛቸዋለች። አፍንጫቸው ሥር ያለችው ቀጭን የአየር መስጫ ብቻ ናት፤ የበላቸውም እሷው ነች። ደረታቸው ቀለል ብሏል።

«ተኝተሽ እያለሽ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ያዝንልሽ» አለች ሚጣ ወደ ጆሯቸው ተጠግታ። «ሐኪሙ ቱቦ ሲል እሱ ነው የመለሰው፣ እማ። ‹ልኳን አይቻለሁ፣ አይገባም፤ የሚያስታግሰውን ስጧት› አለው። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወደቀ።»

ግንዱ ቀና ብሎ አያቸው። ዓይኑ ደም ይመስላል። ያን ቀን አልጋ ላይ የፈራውን ያህል፣ እንዲያውም የበለጠ ፈርቷል። «ምን ፈለግሽ እማ? ውሃ ነው? ትራስ ነው?»

«አፍንጫዬ» አሉ በሾለከች ድምፅ።

ሊያክክላቸው ጣቱን ዘረጋ።

«ተው። ራሴ» አሉና የልጃቸው እጅ አንጓቸው ላይ እንዳለ አፍንጫቸውን አከኩ።